ባለ 36 ኢንች አንድ ጎማ ብስክሌት፦ የኮርቻው እጀታ በጎንደር አቀበትና ቁልቁለት

አንድ ጎማ ብስክሌት መንዳትን በሰርከስ ቡድን ውስጥ የተማርን ሰዎች የጋራ ልማድ አለን፤ ሁለት እጃችንን ግራና ቀኝ ዘርግተን ነው የምንሄደው። በመድረክ ላይ፣ በ20 ኢንች ጎማ፣ ይህ ያምራል፤ ያስጨበጭባልም። ከፒያሳ ተነስቶ አዘዞ ደርሶ ለመመለስ ግን አያዋጣም። ትከሻ ይዝላል፣ ነፋስ የተዘረጋውን እጅ እየገፋ ያንገዳግዳል፣ አቀበት ላይ ደግሞ ጉልበት ከየትም አይመጣም። ውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ባለ 36 ኢንቹን ካመጣልኝ ወዲህ በጎንደር መንገዶች ላይ ከሁሉ በላይ የተማርኩት እጄን የት ማድረግ እንዳለብኝ ነው። ቦታው ከኮርቻው የፊት ጫፍ ሥር ያለችው እጀታ ናት። ይህን የምጽፈው ትልቅ ጎማ ላገኙ ወይም ለማግኘት ላሰቡ፣ እጀታዋን ግን ከቁም ነገር ለማይቆጥሩ ሰዎች ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። እጀታ ላለመውደቅ የሚያዝ ነገር አይደለም። መውደቅ የጀመረ ሰው እጀታውን አጥብቆ ቢጨብጥ አወዳደቁ ይከፋል እንጂ አይድንም፤ የያዘው ነገር አብሮት ነው የሚወድቀው። ሚዛን የሚጠበቀው በዳሌና በእግር ነው። እጀታው ሥራው ሌላ ነው፤ እግር ሲገፋ ወደ ላይ ይሳባል፣ መቀመጫ ሲደነዝዝ ክብደት ይሸከማል፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ብስክሌቱ ከሥራችን እንዳያፈነግጥ ያደርጋል። ባለ 20 ኢንቹ ላይ ይህ ሁሉ ብዙም አያስፈልግም። ትልቁ ላይ ያለ እሱ ሩቅ አይኬድም።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ቁጥሩ ያሳያል። በእኛ ብስክሌት ላይ ሰንሰለት የለም፤ ፔዳሎቹ በቀጥታ ከጎማው እምብርት ጋር ስለተያያዙ እግር አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል። (ማርሽ ያለው እምብርትም ተሠርቷል፤ ዋጋው ግን ለእኔ ቢጤ የሚቀመስ አይደለም።) ባለ 20 ኢንቹ በአንድ ዙር 1.6 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ባለ 36 ኢንቹ 2.87 ሜትር ያህል። በደቂቃ 90 ዙር ብትረግጡ ትንሹ በሰዓት ከ9 ኪሎ ሜትር በታች ሲያስኬዳችሁ ትልቁ 15.5 ኪሎ ሜትር ያደርሳችኋል። ደስታው ይኸው ነው። መከራው ደግሞ ከዚያው ሒሳብ ይመጣል። የትልቁ ጎማ ከመሐል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት 45.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ፔዳሉን ከእምብርቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ የእኔው 15 ሴንቲ ሜትር ነው። እግሬ ከሚገፋው ኃይል ውስጥ መሬቱ ጋ የሚደርሰው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው ማለት ነው። 12.5 ሴንቲ ሜትር ክንድ ባለው የሰርከስ ብስክሌት ላይ ግማሽ ያህሉ ይደርሳል። በዚያ ላይ ትልቁ ጎማ ለመነሳት ይለግማል፣ ከተነሳ ደግሞ ለመቆም እሺ አይልም።

እጀታ መያዝን ለመማር ከአቀበት አትጀምሩ፤ ሜዳ ፈልጉ። ከአዘዞ አልፎ ወደ ጠዳ የሚወስደው መንገድ ለዚህ ይመቻል። ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ፣ ባጃጆችና የጭነት መኪናዎች ሳይበዙ፣ ረጅም ርቀት ሳይረበሹ መሄድ ይቻላል። የመጀመሪያው ትምህርት እጀታውን መያዝ አይደለም፤ መንካት ነው። ፍጥነታችሁ ከተስተካከለ በኋላ አንዱን እጅ አውርዳችሁ እጀታውን በጣት ጫፍ ነክታችሁ መልሱት። ደግሞ ንኩና መልሱ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እጅ ሲወርድ ትከሻም አብሮ ይወርዳል፣ ትከሻ ሲወርድ ጎማው ወደዚያው ይታጠፋል። ሌላኛው እጅ በዚያች ቅጽበት ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ሰውነት ይህን ለምዶ ሳታስቡት እስኪያደርገው ድረስ ከመንካት አትለፉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ምክንያት ዓይን ነው። እጀታውን ለማግኘት ቁልቁል ያያል፤ ያየበት ቦታ ይወድቃል። እጀታውን በዓይን አትፈልጉት። መዳፋችሁን ሆዳችሁ ላይ አሳርፉና ወደ ታች አንሸራቱት፤ ከቀበቶው አልፎ፣ ከሱሪው ስፌት አልፎ፣ የኮርቻውን የፊት ጫፍ ያገኛል። ከዚያ አራቱ ጣቶች ከእጀታው ሥር ይገባሉ፣ አውራ ጣት ከላይ ይቀራል። ዓይን ሁልጊዜ ሩቅ ነው፤ ቢያንስ ጎማው ሦስትና አራት ጊዜ ዞሮ የሚደርስበትን ቦታ ይመልከት።

መንካቱ ሲቀል ያዙት፤ ግን በለሆሳስ። ከትከሻ እስከ ጣት የጠነከረ ክንድ የሰውነትን መንቀጥቀጥ ሁሉ ወደ ጎማው ያስተላልፋል፣ ብስክሌቱም ግራ ቀኝ መዋለል ይጀምራል። መዋለል ሲመጣ ጀማሪ የሚያደርገው የበለጠ መጨበጥ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ክርንን አጠፍ አድርጎ ጣቶችን ማላላት ነው። ቀኝ እጅ ሲለምድ ወደ ግራ እለፉ። ግራ እጅ እንደ አዲስ ተማሪ ይሆንባችኋል፤ ቢሆንም አትዝለሉት። በአንድ እጅ ብቻ የለመደ ሰው ረጅም መንገድ ላይ ወገቡ በአንድ ጎን ይጠማዘዝና ማታ ቀና ማለት ያቅተዋል። ሁለቱንም እጅ በአንድ ጊዜ ማሳረፍ የመጨረሻው ነው፤ ያኔ ሚዛኑ ሙሉ በሙሉ የዳሌ ሥራ ይሆናል። በትልቅ ጎማ ይህ ከሚያስፈራው በላይ ይቻላል፤ ጎማው በፍጥነት ሲዞር የያዘውን አቅጣጫ በቀላሉ አይለቅም።

አሁን ወደ አቀበቱ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ ናት፤ አዘዞ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ወደ አዘዞ መውረድ የመዝናኛ ያህል ነው፤ ሒሳቡ የሚወራረደው ሲመለሱ ነው። እኔ 65 ኪሎ እመዝናለሁ። ከኮርቻው ተነስቼ አንዱ ፔዳል ላይ ብቆም ልጭነው የምችለው ያው 65 ኪሎ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ክብደት የለኝም። እጀታውን በ15 ኪሎ ጉልበት ወደ ላይ ብስበው ግን እግሬ በ80 ኪሎ ይረግጣል። ተጨማሪው ኃይል የሚመጣው ከጀርባና ከክንድ ነው። እጅ የሌለበት እግር አቀበት ላይ ሲገፋ ሰውየውን ከኮርቻው ያነሳዋል እንጂ ጎማውን አያዞረውም፤ እጀታው መቀመጫን ከኮርቻው ጋር ስለሚያጣብቅ ግፊቱ ሁሉ ወደ ፔዳሉ ይሄዳል። ሌላም ጥቅም አለው። እግር ከመሐል ወጣ ብሎ ስለሚረግጥ በእያንዳንዱ ርግጫ ብስክሌቱ ወደ ጎን መጠማዘዝ ይፈልጋል። ኮርቻው በእጅ ተስቦ በሁለቱ ጭኖች መካከል ሲጠብቅ ይህ ጥምዝምዝ ይቀንሳል፣ መንገዱም ቀጥ ይላል።

መሳብ ግን ያለማቋረጥ አይደለም። ከጉድጓድ ውኃ በገመድ የሚስብ ሰው ገመዱን ሳብ፣ ያዝ፣ ሳብ፣ ያዝ እያደረገ እንደሚያወጣው ነው። ፔዳሎቹ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆኑ፣ የፊተኛው እግር ቁልቁል ሲገፋ፣ ያኔ ሳቡ። አንዱ ፔዳል ከላይ ሌላው ከታች ሆነው ቀጥ ሲሉ መጫን ምንም አይፈይድም፤ ጎማው የሚያልፈው ባጠራቀመው ግስጋሴ ብቻ ነው። አቀበት ላይ ብስክሌት የሚሞተው እዚችው ነጥብ ላይ ነው። ደረታችሁን ወደ ፊት ዘንበል አድርጉ፣ እጀታውን ሳታላሉ ያዙት፣ ነጥቧ ታልፋለች። ጎማው ሊቆም ነው ብላችሁ ስትሰጉ ነጻው እጅ ዝም ብሎ አይንጠልጠል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዝ፣ ሚዛኑን የሚያርመው እሱ ነው። በጣም ቀጥ ያለ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ወደ ቁስቋም ወይም ወደ ጎሃ ኮረብታ በሚወጣው መንገድ፣ ሁለት እጅ እጀታው ላይ አድርጌ ጥቂት ዙር እስባለሁ፣ ከዚያ አንዱን አውጥቼ ሚዛኔን አስተካክላለሁ፣ ደግሞ እመልሳለሁ። የማይወጣ አቀበት ሲገጥም ወርዶ መግፋት ነው፤ ለሚያየው ሁሉ መልስ መስጠትም አለ።

መልስ መስጠት ስል፣ በቅዳሜ ገበያ በኩል ስወጣ አንድ ጎማ ብስክሌት ላይ ከቁመታቸው በላይ ሆኜባቸው ቆመው ያዩኝ እናት፣ «የኔ ልጅ፣ ሌላውን ጎማ ወሰዱብህ?» አሉኝ።

«የለም እማማ፣ ሲሠራም አንድ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲህ እሱ ይጨምርልህ።»

በጎንደር ትልቅ ሰው አይቶ እጅ ሳይነሱ ማለፍ ነውር ስለሆነ፣ አንዱን እጅ ለእጀታው ሌላውን ለሰላምታ የማድረግን ጥቅም ማንም ሊያስተምረኝ አላስፈለገም።

ሜዳ ላይ የእጀታው ሥራ ይለወጣል። በአንድ ጎማ ብስክሌት ላይ የሰውነት ክብደት የሚያርፈው በመቀመጫ ላይ ነው፤ በብስክሌት መሪ ላይ የሚያርፍ እጅ የለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእግሮች መካከል ያሉት ነርቮችና የደም ሥሮች ተጭነው አካባቢው ይደነዝዛል። ወንዶች ይህን ለመናገር ያፍራሉ። ማፈር አያስፈልግም፤ የደነዘዘ ነገር ዝም ተብሎ አይነዳም፤ ወርዶ መራመድ ነው። እንዳይደርስ ለማድረግ ግን ከወገብ ዘንበል ብሎ ክብደትን በእጀታው ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ደረት ወደ ፊት ሲሄድ ዳሌ ጥቂት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ስለዚህ ሚዛን አይጠፋም። በየጊዜውም ፔዳሉ ላይ ቆም ብሎ፣ እጀታውን ይዞ፣ ጥቂት ዙር ያለ ኮርቻ መሄድ ደም ይመልሳል። የኮርቻው አቀማመጥም ያግዛል ወይም ያበላሻል፤ የፊቱ ጫፍ ሽቅብ ካየ ይጫናል፣ ቁልቁል ካየ ደግሞ ወደ ፊት ያንሸራትትና ክንድን ያደክማል። እኔ ከውኃ ልክ ጥቂት ብቻ ቀና አድርጌዋለሁ። ዘንብሎ የሚነዳ ሰው ኮርቻውን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢያደርገውም ይመቸዋል።

ከኮርቻው ጋር የምትመጣዋ ትንሽ እጀታ ለመሳብ እንጂ ለመደገፍ አጭር ናት። ሰው ዘንበል ብሎ እንዲደገፍ ወደ ፊት የሚረዝም የብረት እጀታ በውጭ አገር ይሸጣል። እኔ ያሠራሁት እዚሁ አንድ ብየዳ ቤት ነው። ከአሮጌ ብስክሌት የተፈታ መሪ ይዤ ስሄድ ብየዳ ሠራተኛው በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ አየውና፣ «ወንድሜ፣ ይኼ አልሙኒየም ነው፤ በእኛ ብየዳ አይያዝም። ብረት አምጣልኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በተለመደው የኤሌክትሪክ ብየዳ አልሙኒየም አይሆንም። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚስበውን ውሰዱ። የብረቱን መሪ ቆርጦ፣ ጎብጦ ከኮርቻው ፊት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲወጣ አድርጎ፣ በጠፍጣፋ ብረት ላይ በየደው፤ ጠፍጣፋውን የኮርቻው የፊት መከላከያ በነበረበት ቦታ በብሎን አሰርነው። ጫፎቹን በጎማ ወተፍናቸው፤ ክፍት ቱቦ ሰው ሲወድቅበት ይበሳል። እጅ የሚያርፍበትን ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ጥብጣብ ጠመጠምኩት፣ ላብም ዝናብም አያንሸራትተውም። ስታሠሩ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ፣ እግራችሁን አዙሩ፤ ጉልበታችሁ እጀታውን የሚነካ ከሆነ አሳጥሩት ወይም አጥብቡት። ብሎኖቹን በየጊዜው አጥብቁ። ወደ ላይ የሚሳብ ነገር ቀስ በቀስ ይላላል፣ ሲነቀልም የሚነቀለው በአቀበት መሐል ነው።

ስለ ቁልቁለት አጥብቄ እናገራለሁ። ፔዳሉ ከጎማው ጋር ስለሚዞር እግር ማሳረፍ የሚባል ነገር የለም፤ ጎማው ከፈጠነ እግርም አብሮ መፍጠን አለበት፣ ያልቻለ እግር ይወረወራል። ከጎሃ ወደ ከተማው የሚወርደውን ጠመዝማዛ ፍሬን በሌለው ትልቅ ጎማ መውረድ ጀግንነት አይደለም። ፍሬን ካለ ማንሻው ከእጀታው ሥር፣ አመልካች ጣት በሚደርስበት ቦታ ይታሰር፤ ሦስቱ ጣቶች እጀታውን ይይዛሉ፣ አንዷ ፍሬኑን ታጠብቃለች። በአንድ ጊዜ አትጨምቁት። ጎማው ሲዘገይ ሰውነት ወደ ፊት መሄዱን ስለሚቀጥል፣ ከመጨመቃችሁ በፊት ጥቂት ወደ ኋላ ደገፍ በሉ፤ ከዚያ ቀለል ያለ ጫና ከላይ እስከ ታች ሳይቆራረጥ ይቀጥል። ያዝ ለቀቅ የሚደረግ ፍሬን በእያንዳንዱ ጊዜ ሚዛንን እንደ አዲስ ያስጀምራል። ነጻው እጅ እዚህ ላይ ተዘርግቶ ይቆያል። የሰርከሱ ልማድ ዋጋ የሚያገኘው ቁልቁለት ላይ ነው።

በየሰፈሩ የተነጠፈው ኮብልስቶን ሌላ ጠባይ አለው። ትልቁ ጎማ በድንጋዮቹ መካከል ያሉትን ስንጥቆች ከትንሹ ይልቅ በቀላሉ ያልፋል፤ ኮርቻው ግን ከሥር ይደበድባል። ጉልበታችሁን አላልታችሁ ከኮርቻው ለጥቂት ቀለል በሉ፣ በእጃችሁ ደግሞ ኮርቻውን ወደ ላይ ሳቡት፤ ብስክሌቱ ከእናንተ ጋር ይነሳል፣ ከእናንተ ጋር ያርፋል። የመንገድ ጉብታም በዚሁ ዘዴ ይታለፋል። በክረምት እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ግን እኔ እወርዳለሁ።

በእጀታ ዙሪያ የሚረሳው መውጣትና መውረድ ነው። ስትወጡ ፔዳሉን ከራሳችሁ በኩል ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ እግራችሁን አስቀምጡ፣ በጠንካራው እጃችሁ እጀታውን ይዛችሁ ዝለሉ፤ እጁ ኮርቻውን ከሥራችሁ ስለሚያስገባው ሁለተኛ ማስተካከል አያስፈልግም። ሌላው እጅ ጎማው ላይ ቢያርፍም ይሆናል፣ ከመዞሩ በፊት ግን ይነሳ። ነጠላም ጋቢም ለብሳችሁ አትውጡ፤ የጫማ ማሰሪያም ወደ ውስጥ ይግባ፣ ፔዳሉ የሚጠመጥመው ነገር ይወዳል። ጓንት ከራስ መከላከያ ቆብ ቀጥሎ አስፈላጊ ነው፤ ወደ ፊት የወደቀ ሰው መጀመሪያ መሬት የሚያገኘው በመዳፉ ነው።

ስትወርዱ ፍጥነታችሁን አብርዱ፣ አንዱ ፔዳል ከታች ሲሆን በላይኛው እግር ወደ ኋላ ውረዱ፣ እጀታውን ግን አትልቀቁ። የተለቀቀ ባለ 36 ኢንች ጎማ ብቻውን ጥቂት ሜትር ይሮጣል፤ ፒያሳ ላይ ደግሞ ከፊቱ ሁልጊዜ ሰው አለ። ልትወድቁ በቀረባችሁበት ቅጽበት ግን ተቃራኒው ነው የሚሠራው፤ ሰውነታችሁ ወደ ፊት ከተወረወረ እጃችሁን ወዲያው ከእጀታው አውጡ፣ ብስክሌቱ ከኋላ ይቅር፣ እናንተ በሩጫ ውረዱ። ይህን ሜዳ ላይ፣ በዝግታ፣ ሆን ብላችሁ ደጋግሙት፤ እጅ መልቀቅን ያልተለማመደ ሰው በጭንቅ ሰዓት የሚያደርገው መጨበጥ ነው።